አይታሽ ያለቀሰችው ጠልታሽ አይደለም

እማዬ፣ እንደምን ሰነበትሽ? እኛ ደህና ነን።

እሁድ ዕለት ትንሿ ልጄ ፊትሽን በስልክ አይታ ስታለቅስ እንደከፋሽ ገብቶኛል። ቶሎ የተሰናበትሽንም ለዚያ ነው። እኔንም ሲከነክነኝ አደረ። ጠልታሽ እኮ አይደለም! 10 ወር ሞላት። ከ8 ወር ገደማ ጀምሮ ሕፃን የራሱን ሰውና እንግዳውን ይለያል፣ እንግዳውንም ይፈራል። እኔ እንኳ ወደ ሌላ ክፍል ስገባ እሪ ትላለች። ድሮ ከዓይኗ ከራቅኩ ትረሳኝ ነበር። አሁን ባታየኝም እንዳለሁ ታውቃለች። አሻንጉሊቷን በጨርቅ ስሸፍንባት ጨርቁን ገፍፋ ታወጣዋለች። የስዊዘርላንዱ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ዣን ፒያዤ ይህንኑ በገዛ ልጆቹ ላይ አጥንቶታል።

«ዳኸች ወይ?» ብለሽ ነበር። በጉልበቷ አትድህም፣ በቂጧ ነው የምትንፏቀቀው። ሶፋውን ይዛ ግን ትቆማለች። መጀመሪያ ፈርቼ ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት በ2006 እ.ኤ.አ. ያወጣውን ጥናት ሳነብ ቀለል አለኝ። ጤናማ ልጆች ያለ ድጋፍ መራመድ የሚጀምሩት ከ8 ወር እስከ 17 ወር ተኩል ገደማ ባለው ጊዜ ነው። ጥቂቶቹ ጭራሽ በጉልበታቸው ሳይድሁ ይሄዳሉ። ሐኪሟም አይታት «ደህና ናት፣ የምትችለውን ነገር ከተወች ግን ሳትውይ ሳታድሪ አምጫት» ብላኛለች። ደግሞ በአውራ ጣቷና በሌባ ጣቷ ቅንጣት ክር ሳይቀር ታነሳለች። ከዚያ ወደ አፏ ነው! ወለሉን ስለቅም ነው የምውለው።

የምፈራው ሌላ ነገር ነው። ሕፃናት በ6 ወራቸው የማያውቁትን ቋንቋ ድምፆች ሳይቀር ይለያሉ። ዓመት ሊሞላቸው ሲል ግን በዙሪያቸው የማይሰሙትን መለየት እየተሳናቸው ይመጣል። ጃኔት ወርከር የምትባል ተመራማሪ በ1984 እ.ኤ.አ. ከባልደረባዋ ጋር አሳይታዋለች። እዚህ ባዕድ አገር ደግሞ ከእኔ በቀር «ጠ»ን የሚላት ሰው የለም። «መጣ» እና «መታ» አንድ ሆነው ይሰሟት ይሆን እያልኩ እጨነቃለሁ። ለዚህ ነው ሳጥባትም ሳለብሳትም አፌ የማያርፈው።

አንቺም እርጂኝ። ቀድተሽ የምትልኪያቸውን ቪዲዮዎች እኔ እወዳቸዋለሁ፣ ለእሷ ግን ብዙም አይጠቅሟትም። የ9 ወር አሜሪካውያን ሕፃናት ቻይንኛ ከሰው ፊት ለፊት ሲሰሙ ድምፆቹን መለየት ቻሉ። ከተቀዳ ቪዲዮ የሰሙት ግን ምንም አልያዙም። ስለዚህ በቀጥታ ደውዪላት። «ባባባ» ስትል መልሽላት፣ ከዚያ ዝም ብለሽ ጠብቂያት። ተራዋን ታውቃለች።

ብታለቅስም አትዝጊ። መጀመሪያ ከእኔ ጋር አውሪ፣ እንሳሳቅ። ጭኔ ላይ አስቀምጣታለሁ። ግራ ሲገባት ቀና ብላ የእኔን ፊት ነው የምታየው። እኔ ከሳቅኩ እሷም ትረጋጋለች።

ቅዳሜ እጠብቅሻለሁ። እስከዚያ አንድ ነገር አስታውሽልኝ፦ እኔስ ስንት ወር ሲሞላኝ ነው መሄድ የጀመርኩት?

ልጅሽ