ሳይበላሽ «ኤረር» የሚል ኮምፒውተር

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ስታዲየም አካባቢ ላፕቶፕ እጠግናለሁ። ባለፈው ሳምንት አንዲት ተማሪ ከአራት ኪሎ ላፕቶፗን ታቅፋ መጣች። አንድ ሱቅ ስክሪኑን አይተው «ሃርድ ዲስኩ ሞቷል፣ አዲስ ግዢ» ብለዋታል። አስነሳሁት። ሊኑክስ ነው፣ እንደ ዊንዶውስ ያለ ኮምፒውተሩን የሚያስኬድ ሲስተም። አንድ የፈርምዌር (ዕቃው ራሱ የሚሠራበት ትንሽ ፕሮግራም) ፋይል መጫን አልተቻለም፣ ኤረር ሲቀነስ 2 የሚል መስመር ብልጭ አለ፤ ከዛ ዴስክቶፑ መጣ፣ ዋይፋዩም ሠራ።

ሲቀነስ 2 ማለት «እንዲህ የሚባል ፋይል የለም» ማለት ብቻ ነው። የዋይፋዩ ድራይቨር (ሲስተሙን ከዕቃው ጋር የሚያገናኘው ፕሮግራም) መጀመሪያ አዲሱን የፈርምዌር እትም ይፈልጋል፣ ሲያጣው ወደ አሮጌው ይወርዳል፣ ያገኘዋል፣ ሥራውን ይቀጥላል። ልጅ ሆኜ እናቴ ጨው ግዛ ብላ ስትልከኝ አንዱ ሱቅ ባጣ ሌላው ጋ እሄድ ነበር እንጂ ሰፈሩን በጩኸት አላቀልጥም!

ከርነሉ፣ ማለትም የሊኑክስ እምብርት፣ ለመልእክቶቹ ከ0 እስከ 7 ደረጃ አለው፤ ቁጥሩ ሲያንስ ጉዳዩ ይከብዳል። 0 አለቀለት ነው፣ 3 ስህተት፣ 4 ማስጠንቀቂያ፣ 6 ለመረጃ ያህል፣ 7 ለፕሮግራመሩ ብቻ። «ኳይት» (ዝም በል) ብላችሁ ብታስነሱት እንኳ እንደተለመደው 3 እና ከዚያ የከበደው ስክሪን ላይ ይወጣል። ስለዚህ ኮዱን የጻፈው ሰው ተራውን ነገር 3 ላይ ካስቀመጠው ዝም የሚያሰኘው የለም።

መፍትሔው ደግሞ ሩቅ አይደለም። በፈረንጆቹ 2020 በወጣው ከርነል 5.9 ላይ አንድ ድራይቨር የሚፈልገው ሌላ ነገር ገና ስላልተነሳ «ቆይቼ እሞክራለሁ» ሲል (ፕሮግራመሮች ሲቀነስ 517 የምትሉት እሱ ነው) ጉዳዩን በ7 ደረጃ ብቻ የሚመዘግብ ፈንክሽን (ተዘጋጅቶ የተቀመጠ የኮድ ቁራጭ) ገብቷል። የግድ ላልሆነ ፈርምዌርም ፋይሉን ሲያጣ ዝም የሚል ፈንክሽን አለ። መጠቀም ነው የቀረው።

ሁሉም ይደበቅ አላልኩም። አንድ ደንበኛዬ ዲስኩ እውነተኛ የንባብ ስህተት ሲያወጣ «ባክአፕ አድርግ» ብለው «ተወው፣ ሁሌም እንዲህ ይላል» አለኝ። በወሩ የልጆቹ ፎቶ አብሮ ሄደ። ምን ይፈረድበታል፣ ከዛ በፊት ያያቸው መስመሮች በሙሉ ውሸት ነበሩ።

እዚህ ከተማ ኮድ የምትጽፉ ልጆች አላችሁ፣ ከርነሉ ደግሞ ከማንም ሰው ማስተካከያ ይቀበላል። አንድ መስመር ከ3 ወደ 6 ማውረድ የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው። ተማሪዋ ስትወጣ «ታዲያ ካልተበላሸ ለምን ኤረር ይላል፣ ጋሼ?» አለችኝ፣ እኔም ሳቅኩና ዝም አልኩ።

ላፕቶፕ ጠጋኙ፣ ከስታዲየም