ዲፍራግ ሲዘገይ ዝም ብላችሁ ጠብቁ አትበሉን

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ሰላም ለናንተ ይሁን። የቴክኖሎጂ ገጻችሁን አዘውትሬ ነው የማነበው፣ ብዙ ጊዜም ጥሩ ነገር ታወጣላችሁ። በቅርቡ ያወጣችሁትን ምክር ግን እንዲሁ ማለፍ አልቻልኩም፣ ላፕቶፑ የተንቀራፈፈበት ሰው ዲፍራግ (ተቆራርጦ ዲስኩ ላይ የተበተነን ፋይል አንድ ቦታ መሰብሰብ) ያድርግ፣ ዲፍራጉ ራሱ ከዘገየም ሌሊቱን ትቶት ይተኛ የሚለውን ማለቴ ነው። የሰው ላፕቶፕ ስጠግን ነው የምውለው፣ እና ይቺ ትቶት ይተኛ የምትለዋ ነገር የስንቱን ፎቶና የመመረቂያ ጽሑፍ ይዛ እንደሄደች ስለማውቅ ነው የምጽፈው። ዲፍራግ ከልክ በላይ ሲዘገይ መጀመሪያ መታየት ያለበት የዲስኩ ጤንነት ነው፣ መቼ ያልቃል የሚለው ከዛ በኋላ ይደርሳል።

እርግጥ ጤነኛ ዲስክም ይዘገያል፣ እሱን አልክድም። ሃርድ ዲስክ ውስጥ የሚሽከረከር ሳህን አለ፣ ከላዩ ደሞ ወዲያ ወዲህ የሚል ክንድ፣ የክንዱ ጫፍ ላይ ደሞ የምታነብና የምትጽፍ ሄድ (ጭንቅላት) የምትባል ነገር። አብዛኛው የላፕቶፕ ዲስክ በደቂቃ 5400 ጊዜ ነው የሚዞረው፣ በሰከንድ 90 ዙር ማለት ነው፣ አንዱ ዙር 11 ሚሊሰከንድ ገደማ ይወስዳል። የተፈለገው ቦታ ሄዷ ስር እስኪመጣ በአማካይ ግማሽ ዙር ይጠበቃል፣ ክንዱ ተንቀሳቅሶ እዛ እስኪደርስ ደሞ 12 ሚሊሰከንድ አካባቢ ጨምሩበት። ለአንድ ቁራጭ 17 ምናምን ሚሊሰከንድ መጣ። ምንም አይመስልም አይደል? ግን አንድ ፋይል 1000 ቦታ ተቆራርጦ ከተበተነ 17 ሰከንድ ምንም ሳይነበብ በመንገድ ብቻ አለቀ። ዲፍራግ ደሞ ከማንበብም ይብሳል፣ ቁራጩን ካለበት ያነባል፣ ወደ አዲሱ ቦታ ወስዶ ይጽፋል፣ ከዛ ፋይሉ አሁን የት እንዳለ የሚያሳየውን መዝገብ ሄዶ ያስተካክላል፣ ከዛ ደሞ ወደሚቀጥለው ቁራጭ፣ ይሄ ሁሉ በዛው በአንድ ክንድ። ስለዚህ ለአመታት ያልተነካ የሞላ 1 ቴራባይት ዲስክ ብዙ ሰዓት ቢፈጅ ማንም መደንገጥ የለበትም።

ሌላው ሰውን የሚያስደነግጠው ፐርሰንቱ ነው። ከዊንዶውስ 7 ጀምሮ ስራው በፓስ በፓስ (በዙር በዙር) ነው የሚሄደው፣ ፓስ 1 አልቆ ፓስ 2 ሲጀምር ቁጥሩ ወደ ዜሮ ይመለሳል፣ ሰው ደሞ እንደገና ጀመረብኝ ብሎ ይናደዳል። እንደገና አልጀመረም። በእርግጥ በዊንዶውስ 95 እና 98 ዘመን እውነትም እንደገና ይጀምር ነበር፣ አንድ ሌላ ፕሮግራም ዲስኩ ላይ ትንሽ ነገር ከጻፈ ሁሉንም ከዜሮ፣ ያኔ ስክሪን ሴቨር ሳይቀር አጥፍተን ነበር የምንቀመጠው። (የዲፍራጉ መስኮት ላይ ባለቀለሞቹን ሳጥኖች ሲደረደሩ ማየት ግን ደስ ይል ነበር፣ ዊንዶውስ ቪስታ ሲመጣ አነሷቸው፣ ለምን እንዳነሷቸው እስካሁን አልገባኝም።)

የባዶ ቦታ ጉዳይም አለ። ዲስኩ ጢም ካለ ዲፍራግ መፈናፈኛ ያጣል፣ ዕቃ በሞላበት ክፍል ውስጥ አልጋ ለማዞር እንደመሞከር ነው፣ አንዱን ለማንሳት ሌላውን የምታስቀምጥበት ባዶ ጥግ ያስፈልጋል። ዊንዶውስ ኤክስፒ ቢያንስ 15 ፐርሰንት ባዶ ቦታ ከሌለ በግልጽ ያስጠነቅቅ ነበር፣ ያ ቁጥር ዛሬም ጥሩ መለኪያ ነው። ሪሳይክል ቢኑን ባዶ አድርጉ፣ ዳውንሎድስ ፎልደር ውስጥ የተከመረውን አጽዱ፣ ሃይበርኔት (ላፕቶፑ የተከፈተውን ስራ ዲስክ ላይ አስቀምጦ የሚጠፋበት) የማትጠቀሙ ከሆነ አጥፉት፣ ምክንያቱም ለሱ የሚቀመጠው ፋይል በጊጋባይት የሚቆጠር ነው፣ ዊንዶውስ እየሰራ ባለበት ደሞ ዲፍራግ ሊያንቀሳቅሰው አይችልም። ከዛ ቻርጀሩን ሰኩ፣ ብራውዘሩን ዝጉ፣ ላፕቶፑ በመሃል ስሊፕ እንዳይገባ አድርጉ። ዊንዶውስ በራሱ ፕሮግራም በየሳምንቱ ዲፍራግ የሚያደርገው ቻርጀር ሲሰካ ነው፣ ብዙ ሰው ግን ላፕቶፑን በባትሪ ተጠቅሞ ክዳኑን ጨፍኖ ይሄዳል፣ ለዛ ነው የዲፍራጉን መስኮት ስትከፍቱት በጭራሽ ተደርጎ አያውቅም የሚለው።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ይሄ ሁሉ ተደርጎም ስራው ካልተነቃነቀ፣ ለሰዓታት 3 ፐርሰንት ላይ ከቆመ፣ ላፕቶፑ ማውሱ እስኪደርቅ ድረስ ሃንግ ካደረገ ወይም ከውስጡ ቀጭ ቀጭ የሚል ድምጽ ከመጣ አቁሙት። ምን እየሆነ መሰላችሁ? ዲስኩ ላይ የተበላሸ ሴክተር (መረጃ የሚቀመጥበት ትንሽ ክፍል) ሲኖር ሄዷ እዛ ደርሳ ማንበብ ያቅታታል፣ ዲስኩ ደሞ በአንዴ ተስፋ አይቆርጥም፣ ደጋግሞ ይሞክራል፣ ለአንድ ሚጢጢ ቦታ ብዙ ሰከንድ ያባክናል። በውጭ ሲታይ ዲፍራጉ ዘገየ እንላለን፣ በውስጥ ግን ዲስኩ እየሞተ ነው። ዲፍራግ ደሞ ላንድ ዲስክ ከሚሰጡት ከባድ ስራዎች አንዱ ነው፣ ያለውን ሁሉ አንሳ፣ አንብብ፣ ሌላ ቦታ ጻፍ እያልክ ሌሊቱን ሙሉ ስታሰራው ታድራለህ። እዚህ ላይ ትቶት ይተኛ የሚለው ምክር ምን ማለት እንደሆነ አዘጋጆቹ ራሳችሁ ፍረዱ።

ለማጣራት ባለሙያ መሆን አያስፈልግም። ታስክ ማናጀር ክፈቱ፣ ፐርፎርማንስ ውስጥ ገብታችሁ ዲስክ የሚለውን ንኩ። 100 ፐርሰንት ቢል ብቻውን ምንም ማለት አይደለም፣ ዲፍራግ ላይ ያለ ዲስክ 100 ማለቱ ያለ ነው። ከስር አቬሬጅ ሪስፖንስ ታይም የሚለውን ነው የምታዩት፣ ዲስኩ ለመመለስ በአማካይ የሚፈጅበት ጊዜ ማለት ነው። በሚሊሰከንድ አስር ሃያ፣ ስራ ሲበዛበት መቶም ቢል ይሁን፣ የሚነበበውና የሚጻፈው በኪሎባይት ሆኖ ሪስፖንስ ታይሙ ግን በሺዎች ላይ ከቆየ ጥርጣሬ አለ። ቀጥሎ ክሪስታልዲስክኢንፎ የሚባል ነጻ ፕሮግራም አለ፣ ዲስኩ ስለራሱ የሚመዘግበውን ስማርት የሚባል መረጃ ያሳያል። ሰማያዊ ከሆነ ደህና፣ ቢጫ ወይም ቀይ ከሆነ ሪአሎኬትድ ሴክተር እና ከረንት ፔንዲንግ ሴክተር የሚሉትን ሁለት መስመሮች እዩ። የመጀመሪያው ዲስኩ ተበላሽተው በመጠባበቂያ የተካቸውን ቦታዎች ይቆጥራል፣ ሁለተኛው ደሞ አሁን ማንበብ ያቃተውን። ሰማያዊ ማለት ግን ዋስትና አይደለም፣ ስማርቱ ንጹህ ሆኖ ድንገት የሚሞት ዲስክም አለ።

ፔንዲንጉ ከዜሮ በላይ ከሆነ ዲፍራግም፣ ቼክዲስክም (የዊንዶውስ የዲስክ መመርመሪያ)፣ ሌላ ምንም ነገር ሳትሞክሩ መጀመሪያ ፋይላችሁን ገልብጡ። ቼክዲስክን በተለይ የጠቀስኩት ሰው ሁሉ ቶሎ የሚሮጠው ወደሱ ስለሆነ ነው፣ ስላሽ አር (/r) ብላችሁ ስታዙት እሱም ዲስኩን ከጫፍ እስከ ጫፍ ነው የሚያስኬደው፣ ከዲፍራግ አይሻልም። ስትገለብጡም ሁሉንም በአንዴ ሰሌክት አድርጋችሁ ኮፒ አትበሉ፣ መልሶ የማይገኘውን አስቀድሙ፣ ፎቶ፣ ሰነድ፣ የሂሳብ ፋይል ምናምን፣ ፊልሙ ይደርሳል። አንዱ ፋይል ላይ ቢቆም እሱን ስኪፕ አድርጋችሁ እለፉ።

ዲስኩ ጤነኛ ሆኖ፣ ቦታም ኖሮት፣ እንዲሁ በባህሪው የሚንቀራፈፍም አለ። ኤስኤምአር የሚባለው አሰራር ብዙ መረጃ ለማጨቅ ሲባል ትራኮቹን (መረጃው የሚጻፍባቸውን መስመሮች) በከፊል አንዱን ባንዱ ላይ ይደርባቸዋል፣ ስለዚህ አንዱን ለመቀየር ጎረቤቶቹንም እንደገና መጻፍ ይመጣል። ትላልቆቹ የላፕቶፕ ዲስኮች ብዙዎቹ እንዲህ ናቸው። እነዚህ ላይ ዲፍራግ መጀመሪያ ጥሩ ይሄድና ከዛ ክፉኛ ይንቀራፈፋል፣ ቢዘገይ አይገርምም። የዊንዶውስ 7 መመሪያ ራሱ መቆራረጡ ከ10 ፐርሰንት ካለፈ ነው ዲፍራግ አድርጉ የሚለው፣ ስለዚህ አናላይዝ የሚለውን ቀድማችሁ ንኩና 2 ወይ 3 ፐርሰንት ካላችሁ ተዉት፣ ለሷ ብሎ ዲስኩን ማድከም አያዋጣም።

ጽሑፋችሁ ኤስኤስዲ የሚባል በቺፕ የሚሰራ የዲስክ ዓይነት መኖሩንም አላነሳም፣ ይሄኛው ትንሽ አናዶኛል፣ ዛሬ እኮ አብዛኛው አዲስ ላፕቶፕ እሱን ይዞ ነው የሚመጣው። እዛ ውስጥ የሚዞር ሳህን የለም፣ ክንድ የለም፣ ቁራጩ የትም ቢሆን ከ1 ሚሊሰከንድ ባነሰ ጊዜ ይገኛል፣ ስለዚህ ፋይል መሰብሰብ የሚያመጣው ፍጥነት እዚህ ግባ የሚባል አይደለም፣ ሊጻፍበት የሚችለው መጠን ግን ውስን ስለሆነ በከንቱ ያረጃል። ዊንዶውስ እ.ኤ.አ. በ2012 ከወጣው ዊንዶውስ 8 ጀምሮ የመሳሪያውን ስም ኦፕቲማይዝ ድራይቭስ ብሎ ቀይሮታል፣ ኤስኤስዲ ሲያገኝ በዋናነት ትሪም የሚባል ትእዛዝ ይልካል፣ የትኞቹ ቦታዎች እንደተለቀቁ ለዲስኩ መንገር ማለት ነው፣ ያ ደሞ በሰከንዶች ያልቃል። ቶሎ አለቀብኝ፣ አልሰራም መሰለኝ ብላችሁ ከሌላ ቦታ የዲፍራግ ፕሮግራም አውርዳችሁ በግድ አታስኪዱበት።

ብዙ ሰው ስለሚጠይቀኝ ይቺን ልጨምር፣ ዲፍራግን በመሃል ማቆም ፋይል ያጠፋል ወይ? ስቶፕ የሚለውን ነክታችሁ ካቆማችሁት አያጠፋም። ቁራጩ አዲሱ ቦታ ላይ ተጽፎ ሳያልቅ አሮጌው ቦታ አይለቀቅም፣ የተሰበሰበው ተሰብስቦ ይቀራል፣ ያልተሰበሰበው እንደነበረ ይቆያል። ፓወር በተኑን ተጭኖ መግደል ግን ሌላ ነው፣ እሱን ዲፍራግ ኖረም አልኖረም አታድርጉት።

እናም አዘጋጆች፣ ስለ ዲፍራግ ደግማችሁ ከጻፋችሁ ኦፕቲማይዝ ድራይቭስ መስኮት ላይ ሚዲያ ታይፕ የሚለውን አምድ በፎቶ አውጡልን፣ ሃርድ ዲስክ ይሁን ኤስኤስዲ እዛ ላይ ተጽፏል፣ ብዙ ሰው ግን ገብቶ ኦፕቲማይዝ የሚለውን ብቻ ነው አይቶ የሚወጣው።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የላፕቶፕ ጠጋኝ አንባቢያችሁ