ስለ ጋብቻ ውላችን ለአባባ

ቶሮንቶ፣ ካናዳ

ይድረስ ለውድ አባቴ፣

ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? የእማዬስ ጉልበት ተሻላት? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ።

ከሠርጉ በፊት ከእጮኛዬ ጋር ውል እንደምንፈራረም ሲሰሙ «ገና ሳይጋቡ ፍቺ ያስባሉ እንዴ?» ብለው ማዘንዎን ወንድሜ ነገረኝ። በስልክ ተጣድፌ ከማስረዳዎ ረጋ ብለው ቢያነቡት ይሻላል ብዬ ጻፍኩ።

አባባ፣ ውሉን የጠየቅሁት እኔ ነኝ፤ የጠየቅሁትም እናንተ ስለምትኖሩበት ቤት ነው። የደብረ ማርቆሱ ቤት ካርታ በእኔ ስም መሆኑን ያውቃሉ። እዚህ ኦንታሪዮ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1986 ጀምሮ በሚሠራበት የቤተሰብ ሕግ፣ ባልና ሚስት ሲለያዩ በጋብቻው ዘመን የእያንዳንዳቸው ሀብት ምን ያህል እንዳደገ ይሰላል። የበለጠ ያደገለት ሰው የልዩነቱን ግማሽ ለሌላው በገንዘብ ይከፍላል። በሌላ አገር ያለ ንብረትም በስሌቱ ይገባል። ክፉ አያሰማችሁና፣ እኔ ብሞት እንኳ በሕይወት የቀረው ባል ይኸው ስሌት እንዲሠራለት ሊጠይቅ ይችላል። በየጊዜው ክፍል የምጨምርበት ቤት ዋጋው ባደገ ቁጥር፣ አንድ ቀን ለዕዳ ተሽጦ እናንተ በስተርጅና ቤት ፍለጋ ስትወጡ ማየት አልችልም። ስለዚህ ቤቱም የዋጋው ጭማሪም ከስሌቱ ውጪ እንዲሆን በግልጽ ጻፍነው። እሱም ያለ ክርክር ተስማማ።

እሱም የሚጨነቅለት አለው። ከመጀመሪያ ትዳሩ የወለዳት ልጅ አለችው፤ የምንገባበት አፓርታማም ከእኔ በፊት የገዛው ነው። በዚህ ሕግ ሰው ወደ ጋብቻ ይዞት የገባው ንብረት ዋጋ ይቀነስለታል፤ ባልና ሚስቱ በሚለያዩበት ጊዜ የሚኖሩበት ቤት ከሆነ ግን አይቀነስለትም። ለልጁ ያጠራቀመውን እኔ ልካፈል? እስከ ሠርጋችን ዕለት ያለው ዋጋ የእሱ እንዲሆን ፈቀድኩ። ከቤቱ ያስወጣኛል ብለው ግን አይስጉ። በጋብቻ መኖሪያ ቤት የመቀመጥ መብቴን የሚቀንስ አንቀጽ ቢጻፍ እንኳ በሕግ አይጸናም።

ወደፊት ልጆች ማን ጋር እንደሚያድጉ አስቀድሞ በጋብቻ ውል መወሰንም አይፈቀድም። ስለ ትምህርታቸውና ስለ ሥነ ምግባራቸው ግን መስማማት ይቻላል፤ እኛም ልጅ ቢሰጠን አማርኛ አንብቦና ጽፎ እንዲያድግ ጻፍን። ከውሉ ሁሉ በጣም የምወደው ይህን አንቀጽ ነው።

እርስዎና እማዬስ በሰማንያ ስትጋቡ ማጫው በሽማግሌ ፊት ተቆጥሮ፣ ዋስ ተጠርቶ አልነበረምን? የእማዬ ላምና ጊደር ከእነ መልካቸው መጠራታቸውን አያቴ ሲያወሩ ሰምቻለሁ። ያን ዕለት ፍቺ አሰቡ ብሎ ያማችሁ ሰው አልነበረም። ዛሬም የፌዴራሉ የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ የጋብቻ ውል በጽሑፍ እንዲሆን፣ በባል በኩል ሁለት በሚስትም በኩል ሁለት ምስክሮች እንዲኖሩት ያዛል። እዚህ ምስክሩ አንድ ቢሆንም ይበቃል። እኛ ግን አራት እናቆማለን፤ በእኔ በኩል የሚፈርሙት የእማዬ የአክስት ልጅና የክርስትና እናቴ ናቸው።

እያንዳንዳችን የየራሳችንን ጠበቃ ይዘናል፤ ያለንንም ያለብንንም ዕዳ ዘርዝረን ተለዋውጠናል። ንብረት የደበቀ ሰው ውሉ በፍርድ ቤት ሊፈርስበት ይችላል። ስለዚህ የቤቱን ካርታ ሁለቱንም ገጽ ወንድሜ ፎቶ አንስቶ ይላክልኝ፤ የአሁኑን ግምትም ባለሙያ በጽሑፍ ይስጣችሁ። የባለሙያውን ክፍያ እልካለሁ። ፊርማው ከጥር በፊት ነውና አይዘግይብኝ።

ያልገባዎ ወይም የማይስማሙበት አንቀጽ ካለ ይንገሩኝ፤ ሳንፈርም እናስተካክለዋለን። እጮኛዬም እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሊደውልልዎ ይፈልጋል። እባክዎ ያነጋግሩት።

እማዬን ሳሙልኝ።

አክባሪ ልጅዎ