ቅጹ ላይ ያልሰፈረው የእምዬ ዕድሜ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ጤና ይስጥልኝ። ደሴ ውስጥ የሂሳብ አስተማሪ ነኝ። ጋዜጣችሁን ከተማሪነቴ ጀምሮ አነባለሁ፤ የሕይወት ታሪክ ዓምዳችሁን ደግሞ ሳላየው አላልፍም። እዚያ የሚወጡት አብዛኞቹ ሚኒስትር፣ ጄኔራል፣ ነጋዴ ወይም ዘፋኝ የነበሩ ናቸው። ይገባቸዋል። እኔ ዛሬ የምጽፍላችሁ ግን ስሟ ጋዜጣ ላይ ወጥቶ ስለማያውቅ ስለ አያቴ ነው። የምጠይቃችሁም ነገር አለኝ።

እምዬ በጥር 2017 ደሴ አጠገብ ባለችው ቦሩ ሜዳ፣ በገዛ ቤቷ ወደ አኼራ ሄደች። ከሰደቃው በኋላ የሞት ምስክር ወረቀት ልናወጣላት ሄድን። ቅጹ የትውልድ ቀን፣ ወርና ዓመት ይጠይቃል። ጸሐፊው ትሁት ልጅ ነው፤ “መታወቂያቸው ላይ ያለውን ልጻፈው?” አለን። መታወቂያዋ መስከረም 1 ቀን 1930 ይላል። ማን እንደገመተው የሚያውቅ የለም። የእኛ አገር ሽማግሌ ሁሉ መስከረም 1 ቀን የተወለደ ይመስል፣ የአጎቶቿም ልጆች መታወቂያ እንደዚያው ነው።

በዚህ ወረቀት ከሄድን ደሴ በቦምብ ስትደበደብ እምዬ ገና አልተወለደችም። እሷ ግን አይታዋለች።

ኅዳር 26 ቀን 1928 ነው። ጃንሆይ ደሴ ነበሩ። የጣሊያን አውሮፕላኖች መጥተው ከተማዋን አነደዷት፤ ሆስፒታሉ እንኳ አልቀረም። እምዬ ሜዳው ላይ ጥጃ ትጠብቅ ነበር። መጀመሪያ ድምፁን ሰማች፣ ቀጥሎ በደሴ በኩል ጭሱን አየች። ጥጆቹ ሲበረግጉ እሷም እያለቀሰች ወደ ቤት ሮጠች። ይህን ስታወራ ሁልጊዜ አንድ ነገር ትጨምርበታለች፤ “የፊት ጥርሴ ወልቆ ነበር፣ እናቴ ‘ምን ሆንሽ’ ስትለኝ መናገር አቃተኝ” ትላለች። እንግዲህ በእኛ አገር ትንሹ ልጅ ከቤት ሳይርቅ ጥጃ ይጠብቃል፣ ከፍ ሲል በግ ይሰጠዋል፣ ከብት የሚነዳው ከዚያ በኋላ ነው። ጥጃና የወለቀ የፊት ጥርስ አንድ ላይ ሲመጡ ሰባት ቢበዛ ስምንት ዓመት ነው። ስለዚህ የተወለደችው በ1920 ወይም በ1921 ነው፤ ስትሞት 96 ወይም 97 ዓመቷ ነበር። ጣሊያን ከደሴ በወጣበት በ1933 መታጨቷም ከዚህ ስሌት ጋር ይገጥማል። ለጸሐፊው ይህን ሁሉ አስረዳሁት። በጥሞና ሰማኝና “እኅቴ፣ ማስረጃ የሚሆነው መታወቂያው ነው” አለኝ። 1930 ተብሎ ተጻፈ።

ጸሐፊው ላይ አልፈርድም። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው በነሐሴ 2008 ነው። ከዚያ በፊት የገጠር ሰው ልደቱን የሚያውቀው በደረሰው ነገር ነው፤ በጣሊያን፣ በአንበጣ፣ በድርቅ።

ድርቁን ካነሳሁ በ1965 በልጉ ቀረ። ደጋው ላይ በልግ ማለት ገብስ ነው፣ ገብስ ማለት ደግሞ ቤት ነው። እኛ ጋ ከበደ፤ ቆላው ግን አለቀ። ከራያ፣ ከየጁ፣ ከአምባሰል የተነሳ ሰው በአስፋልቱ ዳር ወደ ደሴ ይጎርፍ ጀመር። መንግሥት ነገሩን ሸሽጎት ነበር። እምዬ የቀረቻትን ባቄላ ንፍሮ ቀቅላ መንገድ ዳር ትወጣ ነበር። እናቴ ያኔ ልጅ ነበረች፤ ድስቱን የምትሸከመው እሷ ናት። እናቴ እንደምትለው እምዬ እፍኝ ንፍሮ ከመስጠቷ በፊት ሁሉንም “አገርሽ የት ነው? የማን ልጅ ነሽ?” ብላ ትጠይቃለች። እናቴ ገርሟት “ለምን ታደክሚያቸዋለሽ?” ስትላት፣ “ሰው አገሩ ሳይታወቅ አይቀበርም” አለቻት። ብዙዎቹ ደሴ አልደረሱም። እምዬ ፊደል አልቆጠረችም፤ ግን ከመርሳ የመጣችውን አራስ፣ ከኮረም የመጡትን ሁለት ወንድማማች ስማቸውን ከነአባታቸው እስክትሞት ድረስ ታውቀው ነበር። በኋላ ዘመድ ፈላጊ ሲመጣ የተቀበሩበትን ያሳየች እሷ ናት።

በ1977ቱ ድርቅ ደግሞ የራሷ ልጅ ሄደባት። አጎቴ በሰፈራ ወደ ኢሉባቦር ተወሰደ። ለዓመታት ይኑር ይሙት አላወቀችም። ቡና ስታፈላ አቦሉ ሲቀዳ ስሙን ጠርታ ዱአ ታደርግለታለች፣ እኛ ልጆቹ “አሚን” እንላለን፤ ያልገባን እንኳ እንላለን። አንድ ቀን በሹፌር እጅ ጆንያ ቡና መጣ። ከእሱ ነው። ያን ቀን ቤታችን የተሰማው እልልታ እስካሁን ይወራል። እምዬ ስትሞት ልጆቹ ለለቅሶ መጥተው ነበር። አማርኛቸው ኦሮምኛ ኦሮምኛ ይላል፤ ሳቃቸው ግን የእሷው ነው።

ስለ ቅሬያችን፣ ማለትም ስለ እድራችን፣ ሳልናገር ማለፍ አልችልም። ቀብሯን የቆፈሩት የቅሬው ልጆች ናቸው፤ ከመካከላቸው ማተብ ያሰሩ ነበሩባቸው። ድንኳኑን የተከሉት፣ ውኃ የቀዱት እነሱ ናቸው። የጎረቤታችን እማማ ጾም ላይ ሆነው ለለቀስተኛው ሲጋግሩ አመሹ። እሳቸውና እምዬ ስልሳ ዓመት በላይ ቡና የተጠራሩ ናቸው። ወሎ እንዲህ ነው ሲባል ለቱሪስት የሚነገር ተረት የሚመስለው ሰው ካለ፣ መጥቶ አንድ ለቅሶ ይቀመጥ።

በ2014 ጦርነቱ ቦሩ ሜዳ ሲደርስ ሁላችንም ሽሽት ላይ ነበርን። እምዬ እምቢ አለች። “አብሽሩ፣ እናንተ ሂዱ፤ እኔ ጣሊያንን ያየሁት እዚሁ ነው” ብላ ከታላቅ ወንድሜ ጋር ቀረች። ስንመለስ ዶሮዎቿ የሉም፣ እሷ ግን ደጃፏን እየጠረገች አገኘናት።

ጥያቄዬ ይህ ነው። የ1928ቱን ድብደባ በዓይኑ አይቶ የሚያስታውስ ሰው ዛሬ ዘጠናውን የተሻገረ ነው። በወሎ በየቀበሌው ምናልባት አንድ ሁለት ይገኛሉ። ከገጻችሁ ጥግ ላይ ትንሽ ቦታ ክፈቱልን። አንባቢ የአያቱን ዕድሜ በመታወቂያ ሳይሆን ባየችው ነገር ቆጥሮ ይጻፍ፤ አውሮፕላኑ ሲመጣ ምን ትጠብቅ ነበር? ጣሊያን ሲወጣ ታጭታ ነበር? በስልሳ ስድስት ስንት ልጅ አዝላ ነበር? በሰባ ሰባት ማን ተወሰደባት? አምስት መስመር ይበቃል። ለመጀመሪያው እትም የእምዬን አምስት መስመር አዘጋጅቻለሁ፤ ተማሪዎቼም ለእረፍት ወደየገጠራቸው ሲሄዱ ጠይቀው እንዲመጡ የቤት ሥራ ሰጥቻቸዋለሁ። ገጹን ከከፈታችሁ የሰበሰቡትን በየሳምንቱ እልካለሁ።

ከአክብሮት ጋር
የልጅ ልጇ፣ ከደሴ