ጉዳዩ፦ ለቤት ውስጥ ሎሚ ስለተላከልኝ የማይመለከተው የተባይ መከላከያ

ለድርጅቱ የደንበኞች አገልግሎት ክፍል

«የቤት ውስጥ ሎሚና ብርቱካንን ያለ ኬሚካል ርጭት ከማንኛውም ተባይ ይገላግላል» እያላችሁ የምትሸጧቸውን ተባይ የሚበሉ ጥቃቅን አዳኞች ገዝቼ ሎሚዬ ላይ ለቅቄያለሁ። ሎሚው ከምንም አልተገላገለም።

አዳኞቹን አልወቅስም፤ የተላኩት ወደማይመለከታቸው ጠላት ነው። በመያዣው ላይ የተጻፈው ፊቶሴዩለስ ፐርሲሚሊስ የሚበላው ቀይ ሸረሪት የሚባለውን ደቃቅ ተባይ ብቻ ነው፤ እሱን ካጣ በረሃብ ያልቃል። የእኔ ዛፍ ላይ ድርም ሆነ የቀይ ሸረሪት ነጠብጣብ የለም። ያለው ስኬል የሚባለው ተባይ ነፍሳት ነው፦ በቅጠሉ ጀርባ የመሃሉን ጅማት ተከትሎ የተለጠፈ፣ በጥፍር ካልተፋቀ የማይነሣ ቡናማ ቅርፊት። ከሥሩ ያሉት ቅጠሎች በሚያንጠባጥበው ፈሳሽ ተጣብቀዋል፤ በፈሳሹ ላይም ጥቀርሻ የመሰለ ሻጋታ ወጥቶበታል። ይህንን ሁሉ ሳዝዝ ጽፌላችሁ ነበር። ያነበበው ሰው ያለ አይመስለኝም።

አዳኝን ከተባዩ ጋር ማዛመድ የትናንት እውቀት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1888 ከአውስትራሊያ ወደ ካሊፎርኒያ መላክ የጀመረችው ቬዳሊያ ጥንዚዛ የብርቱካን እርሻዎችን የታደገችው ያንኑ ያጠቃቸውን የስኬል ዓይነት የምትበላ ስለሆነች ነው።

የመመሪያ ወረቀቱም ቢሆን ስለ እርጥበት አንድ ቃል አይናገርም። የአየሩ እርጥበት ከ60 በመቶ በታች ሲወርድ የእነዚህ አዳኞች እንቁላል በአግባቡ አይፈለፈልም፤ ማሞቂያ ያለው ክፍል ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከዚያ የደረቀ ነው። «ለቤት ውስጥ» ብሎ የሚሸጥ ድርጅት ይህንን እንዴት ይዘለዋል?

ከሁሉም ያስቆጣኝ በስልክ የተሰጠኝ መልስ ነው፦ «እንግዲያውስ የምንሸጠውን ፀረ ተባይ ይርጩበት።» እኔ ወደ እናንተ የመጣሁት ርጭት ሸሽቼ ነው! ዛፉ የቆመው በምንመገብበት ክፍል ነው፤ ፍሬውንም ከነልጣጩ እንጠቀምበታለን። ደግሞስ ርጭቱ ራሳችሁ የሸጣችሁልኝን አዳኞች አይፈጅም?

አሁን ስኬሉን እየቀነሰልኝ ያለው በ70 በመቶ አልኮል የራሰ ጥጥና ለስላሳ የጥርስ ብሩሽ ነው። ቅርፊቱን አንድ በአንድ አነሣለሁ፣ ቅጠሉን በውሃ አጥባለሁ፤ አዲስ የተፈለፈሉት ቅርፊት ሳያበጁ እንድደርስባቸው በየሳምንቱ እደግመዋለሁ። አድካሚ ነው፤ ግን ይሠራል። ባለሙያችሁ ይህንን በሁለት ደቂቃ ሊነግረኝ ይችል ነበር።

ስለዚህ የከፈልሁት ገንዘብ በሙሉ እንዲመለስልኝ፣ «ከማንኛውም ተባይ» የሚለው ቃል ከማሸጊያው እንዲነሣ፣ ወደፊትም ከመላካችሁ በፊት ደንበኛው የገጠመው ተባይ የትኛው እንደሆነ እንድትጠይቁ እጠይቃለሁ። ደረሰኙንና የቅጠሎቹን ፎቶግራፍ አያይዣለሁ። መልሳችሁን በጽሑፍ እጠብቃለሁ።

ከሰላምታ ጋር
ደንበኛችሁ