ጤና ኬላውን ንቄ ጣናን ተሻገርሁ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

ከባሕር ዳር በጀልባ አንድ ሰዓት በሚያስኬድ የጣና ዳር ቀበሌ ቡና የማለማ ሽማግሌ ነኝ። ባለፈው ጥቅምት የልጅ ልጄን ትኩሳት ያዘው። ጤና ኬላው ከደጄ ቅርብ ነው፤ እኔ ግን ንቄው ከተማ ገባሁ። ከአንድ ትልቅ ሆስፒታል በር ከጧት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ተሰለፍን። በመጨረሻ ጣቱን ወግተው «ወባ ነው» አሉና ኪኒን ሰጡን። ለጀልባና ለባጃጅ ያወጣሁትን ለባለቤቴ እስከ ዛሬ አልነገርኋትም።

ስመለስ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ «አባባ፣ ይህንኑ ምርመራ እኮ እኔም አደርጋለሁ፤ ውጤቱ ግማሽ ሰዓት አይፈጅም» አለችኝ። አፈርሁ። ፕሮግራሙ ከተጀመረ ከ1995 ዓ.ም. ወዲህ እነዚህ ልጆች ቤት ለቤት ሲዞሩ የማያቸው ስለ መጸዳጃ ጉድጓድ ሊቆጡኝ ብቻ ይመስለኝ ነበር!

እርሷ እንደነገረችኝ፣ ሕፃን ካንቀጠቀጠው፣ ራሱን ከሳተ፣ መጠጣት ካቃተው ወይም የዋጠውን ሁሉ ከመለሰ ጉዳዩ ከኬላው አቅም በላይ ነው፤ ፈጥኖ ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ወደ ሆስፒታል መላክ አለበት። ይህን ተቀብያለሁ። ግን እንዲህ ያለው ነገር ሌሊት ቢመጣብንስ? ከመሸ ከእኛ ወደብ የሚነሳ ጀልባ የለም። የሚመለከተው ክፍል በጋዜጣችሁ መልስ ቢሰጠን ደስ ይለናል።