መጠይቁ ይብቃን፣ ፋይሉ ይጻፍ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ግንቦት በመጣ ቁጥር የድርጅቶችን ሂሳብ የምንመረምርበት የኦዲት ቢሯችን የማይቀሩ እንግዶች አሉት። የሁለተኛ ዲግሪ መመረቂያ ጽሑፍ የሚሠሩ ተማሪዎች «ለሚመለከተው ሁሉ» የሚል፣ ማኅተም ያረፈበት የትብብር ደብዳቤና አንድ እቅፍ መጠይቅ ይዘው ይመጣሉ። ርዕሱ ከዓመት ዓመት አይለወጥም፤ «በኦዲት ጥራት ላይ ተጽዕኖ የሚያሳድሩ ምክንያቶች» ይልና «በአዲስ አበባ በሚገኙ የኦዲት ድርጅቶች» የምትል ጭራ ይቀጠልበታል። ውስጡ ከ«በጣም እስማማለሁ» እስከ «በፍጹም አልስማማም» የተደረደረ ሳጥን ነው። አንድ ባልደረባዬ አርባውን ጥያቄ ማኪያቶው ሳይቀዘቅዝ ሲጨርስ አይቻለሁ። እኔም ከሱ አልሻልም፤ ገጹን ሳላነብ ምልክት ያደረግሁበት ጊዜ አለ። ተማሪው ይህንኑ ወስዶ በኮምፒውተር ይፈጨውና «ግንኙነቱ ጉልህ ነው» ብሎ ይመረቃል።

ልጆቹን መውቀሴ አይደለም። ሌላ ምን አግኝተው ይጻፉ? የእኔ ሐሳብ ይኸው ነው፦ የእውነተኛ ድርጅት የኦዲት ፋይል ለማስተማሪያ የሚሆን ጥናት ተደርጎ ይጻፍ፣ ወጪውንም እኛ እናዋጣ።

ቢሮዬ ሰንጋ ተራ ነው፤ ከሥራ በኋላ ማታ ኦዲት አስተምራለሁ። ተማሪዎቼ የአሜሪካው የኃይል ኩባንያ ኤንሮን እ.ኤ.አ. በ2001 እንዴት እንደወደቀ፣ ኦዲተሩን አርተር አንደርሰንንም እንዴት ይዞት እንደሄደ አንድም ሳይስቱ ይነግሯችኋል። ከክፍሉ መስኮት ወዲያ በተገተሩት የባንክ ፎቆች ውስጥ ስላለው ስጋት ግን የሚያነቡት ነገር የለም። መጋቢት 6 ለ7 አጥቢያ 2016 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲስተም ላይ ማሻሻያ ሲደረግ በተፈጠረ ክፍተት የደረሰውን አስታውሱ። ባንኩ ራሱ በሰጠው መግለጫ ከ801 ሚሊዮን ብር በላይ ያላግባብ ወጥቷል፤ በዚያ ሌሊት ኤቲኤም ፊት ከተሰለፉት ብዙዎቹ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ነበሩ። ሲስተም ሲሻሻል ማን ይሞክረዋል? ማን ይፈርማል? ሌሊት ማን ነቅቶ ይጠብቃል? ለሦስት ሳምንት ትምህርት የሚበቃ ጉዳይ ነበር። በየግቢው የቀረው ግን ቀልዱ ነው።

ከራሴ ጠረጴዛ አንድ ፋይል ላንሳ። ደንበኛችን አነስተኛ ፋብሪካ ያላቸው ሽማግሌ ናቸው፤ ጥሬ ዕቃ በዱቤ ከውጭ ያስመጣሉ፤ ቢሯቸው ቸርችል ጎዳና ላይ ነው። ሰኔ 30 ቀን 2016 ሂሳባቸውን ሲዘጉ ለውጭ አቅራቢ 300 ሺህ ዶላር ዕዳ ነበረባቸው። ዶላሩ ያኔ በባንክ 57 ብር ገደማ ስለነበር ዕዳው 17 ሚሊዮን ብር ተብሎ ተመዘገበ፤ ዓመቱም በጥሩ ትርፍ ተዘጋ። በ22ኛው ቀን፣ ሐምሌ 22፣ ብሔራዊ ባንክ ምንዛሪውን ለገበያ ለቀቀው። ጥቅምት ላይ ሪፖርቱን ልንፈርም ስንቀመጥ ዶላሩ 110 ብርን አልፎ ያው ዕዳ ከ33 ሚሊዮን በላይ ሆኗል።

አሁን ምን ይደረጋል? ዓለም አቀፉ የሂሳብ አያያዝ ደረጃ መልስ አለው፦ መዝገቡ ከተዘጋ በኋላ የመጣ የምንዛሪ ለውጥ ያለፈውን ዓመት ቁጥር አይነካም፤ ከባድ ከሆነ ግን በማብራሪያ ይገለጻል። ስለዚህ 17 ሚሊዮኑ እንዳለ ይቆያል፣ ትርፉም ይቆያል፣ ግብሩም በዚያው ትርፍ ላይ ይከፈላል። ይህን ላስረዳቸው ብዙ ደከምኩ። ሻዩን ወደ እኔ ገፋ አድርገው፦

«እኮ ልጄ፣ አትርፌያለሁ ወይስ ከስሬያለሁ?»

«በሰኔ 30 አትርፈዋል፣ ጋሼ።»

«ለገቢዎች አትርፌ ለአበዳሪው ከሰርኩ በለኛ!»

ከዚያ የባሰው ጥያቄ ድርጅቱ መጪውን ዓመት ይሻገራል ወይ የሚለው ነበር። በ2015 ነሐሴ ብሔራዊ ባንክ የብድር ዕድገት ላይ ጣሪያ ከጣለ ወዲህ ባንኮች እጃቸው ታስሮ ነበር። ሽማግሌው ዋጋ ቢጨምሩ ገዢው ይሸሻል፤ ባይጨምሩ የሚቀጥለውን ጥሬ ዕቃ የሚገዙበት አያገኙም። አቅራቢው ጊዜ ይሰጣል? ደብዳቤ አለ ወይስ የስልክ ቃል ብቻ ነው? ሦስት ምሽት ተከራከርንበት። ቁጥሩን በሩብ ሰዓት ደምረን ጨርሰን ነበር፤ ያስመሸን የንግዱ ስጋት ነው። ይህን ያልቀመሰ ተማሪ በመውጫ ፈተናው «ሀ» ወይም «ለ» ብሎ ሊያልፍ ይችላል፣ ቢሮ ሲመጣ ግን ከዜሮ እናስጀምረዋለን።

ነገሩ አዲስ አይደለም። ኬፒኤምጂ የተባለው የኦዲት ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ ከአሜሪካው ኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆኖ፣ ኦዲተር መዝገብ ከመግለጡ በፊት የደንበኛውን ንግድና ስጋቱን እንዴት ማወቅ እንዳለበት የሚያሳዩ የእውነተኛ ኩባንያዎች ጥናቶችን በራሱ ገንዘብ አስጽፏል። ሐሳቡን እወደዋለሁ። የማልወደው ከፋዩም የሚጠናውም ሙያ አንድ ቤት መሆኑን ነው። ኦዲተር በከፈለበት ጥናት ውስጥ ኦዲተር ሲሳሳት ለማየት ዕድሉ ጠባብ ነው። የምንማረው ደግሞ ከስህተቱ ነው።

እኛ አገር ስለዚህ የጥናቱ ገንዘብ ከአንድ ኪስ አይውጣ። ባንኮቹ፣ ኢንሹራንሶቹና እኛ የኦዲት ድርጅቶች በዓመት ጥቂት ጥቂት እናዋጣ፤ ለአጀንዳና ለካላንደር ከምናወጣው ላይ ብንቀንስ ማንም የሚጎዳ አይመስለኝም። ሙያችንን የሚቆጣጠረው የሂሳብ አያያዝና ኦዲት ቦርድ ገንዘቡን ይያዝ፤ የትኛው ጉዳይ ይጻፍ የሚለውን ግን ዩኒቨርሲቲዎች ይምረጡ። ያዋጣ ሰው ጥናቱን እንደ ማንኛውም አንባቢ ታትሞ ይየው እንጂ አስቀድሞ አይየው። ቦርዱ የቆመው በሂሳብ ሪፖርት አዋጅ ቁጥር 847 ነው፤ አዋጁ ከወጣ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖታል። ለገቢዎች አንድ፣ ለባንክ አንድ፣ ለባለቤቱ አንድ መዝገብ ይያዝ የነበረበትን ልማድ ምን ያህል እንዳስተካከለው ከደንበኛ ፋይል በቀር በምን ይታወቃል?

ብሩ የሚሄድበትም ይታወቅ። ቢሾፍቱ ለሁለት ቀን ወርክሾፕ ከሆነ ባይዋጣ ይሻላል። ለአስተማሪው ይከፈል፤ አንድ ሴሚስተር ከክፍል ነፃ ሆኖ ከአንድ ድርጅት ጋር ይዋል፣ ከሂሳብ ሹሙ ጋር ይቀመጥ፣ መጋዘኑን በእግሩ ይርገጥ። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ራስ ገዝ ከሆነ ወዲህ ገቢ ሲፈልግ እንሰማለን፤ በ1930ዎቹ የተመሠረተው የዩኒቨርሲቲው የንግድ ትምህርት ቤት፣ ኮሜርስ፣ ደግሞ እዚሁ በባንኮቹ መካከል ነው የኖረው። ባንኮቹ የሚቀጥሩትም የእሱን ልጆች ነው።

«ማን ፋይሉን ይከፍታል?» የሚለኝ ብዙ ነው። የሙያ ምስጢር ስላለብን ያለ ደንበኛ ፈቃድ አንዲት ወረቀት አትወጣም፤ ልክ ነው። እኔም ይህን ብዬ ለዓመታት ተቀመጥኩ እንጂ ጠይቄ አላውቅም ነበር። በቀደም ግን ሽማግሌውን ደፍሬ ጠየቅኋቸው። ትንሽ አሰቡና «ስሜና የምሠራው ዕቃ ይጥፋ፣ ቁጥሩንም አጣመህ ጻፈው፤ ከዚያ ይማሩበት» አሉኝ። በጽሑፍም ፈረሙልኝ።

ለሁለት አስተማሪዎች ነገርኳቸው። ሁለቱም ወደዱት፤ ሁለቱም የማታና የቅዳሜ ክፍል ደርበው ይዘዋል፣ የአስተማሪ ደመወዝ ብቻውን ስለማያኖር። ፋይሉ እስካሁን ጠረጴዛዬ ላይ ነው።

አንድ ኦዲተር፣ ከሰንጋ ተራ